ማን ልበል?

ስልክ አንስተን የማናውቀው ድምፅ ሲመጣ «ማን ልበል?» እንላለን። ሰርቨር ግን ጠይቅ ካላሉት አይጠይቅም።

የጤና ሪፖርትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወጡ ከአዘዞ ቀጥላ ያለችው ጠዳ በጤና ሳይንስ ኮሌጇ ትታወቃለች። ከዚያ ተመርቆ ጤና ጣቢያ የሚመደብ ባለሙያ ከዲኤችአይኤስ2 ጋር መተዋወቁ አይቀርም። መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይህ ነፃ ሶፍትዌር ጤና ሚኒስቴር ወርሃዊ ሪፖርት የሚሰበስብበት ነው። ሪፖርቱን ሰው ቁጭ ብሎ ይሞላዋል፤ ሌላ ሶፍትዌርም በዌብ ሰርቪስ ሊልከው ይችላል።

ወር ሲዘጋ ሁሉም ጤና ጣቢያ ባንዴ ላከ እንበል። አንዱ ወደቀ። ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ የከፈተው ባለሙያ ያገኘው «ስህተት 500» (ሰርቨሩ ራሱ ሲሰናከል የሚሰጠው ኮድ) የሚል መስመርና ሰዓት ብቻ ነው። የወደቀው የጠዳ ነው? የዳባት? የደባርቅ?

ብዙዎች አይፒ አድራሻውን መዝግበው ያበቃሉ። አይበቃም። የቆዩት አይፒ አድራሻዎች በዓለም ዙሪያ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆኑ የቴሌኮም ድርጅቶች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ያወጣሉ፤ ሁለት ጤና ጣቢያዎች አንድ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተርኔት ምክረ ሐሳብ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 6302፣ የላኪው ፖርት ቁጥርም አብሮ ይመዝገብ የሚለው ለዚህ ነው። ከሰርቨሩ ፊት ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ፕሮክሲ ካለማ ሎጉ ላይ የሚቀረው የፕሮክሲው አድራሻ ነው። «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፎር» የተባለው መስክ የላኪውን አድራሻ ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን ማንም የፈለገውን ሊጽፍበት ስለሚችል የራሳችን ፕሮክሲ ያስገባውን ብቻ ማመን ነው። «ዩዘር-ኤጀንት» የተባለው መስክም ደንበኛው፣ ማለትም ጥያቄውን የላከው ሶፍትዌር፣ ስለ ራሱ የሚያወራው ነው።

የሚያዋጣው ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ቁልፍ ሰጥቶ፣ ማንነቱን አረጋግጦ፣ ስሙን መጻፍ ነው፦

06:00:12 ዩቲሲ | ጥያቄ 48213 | ደንበኛ ጠዳ-02፣ የተረጋገጠ | ስሪት 3.1 | ስህተት 500

«የተረጋገጠ» የምትለዋን አትለፏት። በተሳሳተ ቁልፍ የመጣና 401 («ማንነትህ አልተረጋገጠም») የተመለሰለት ደንበኛ «ጠዳ-02 ነኝ» ስላለ ጠዳ-02 ነው ማለት አይደለም፤ «ነኝ ያለው» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። ሰዓቱም በእኛ አገር መዘዝ አለው። በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት (ዩቲሲ) 06:00 በጠዳ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ የኮምፒውተሩ ሰዓት ደግሞ 9:00 ይላል። «ሦስት ሰዓት ላይ እምቢ አለኝ» ብሎ የደወለን ሰው ሎጉ ውስጥ 03:00 ላይ የሚፈልግ ቴክኒሻን ሲደክም ይውላል። ከዚህ ሁሉ የሚገላግለው የጥያቄ ቁጥሩ ነው፤ ከስህተቱ መልእክት ጋር ለላኪው ከታየው፣ ደውሎ «48213» ማለት ብቻ ይበቃዋል።

ቁልፉና የይለፍ ቃሉ ሎግ ውስጥ አይግቡ። የታካሚ ስምም እንዲሁ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ሶፍትዌር የምታሠሩ ቢሮዎች፣ ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት ሆን ብላችሁ አንድ የተሳሳተ ጥያቄ ላኩና «የላከው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሎጉ ካልመለሰ አትፈርሙ።