ሀገር ወዳድነት፣ ተቃውሞና የፓርቲ አንድነት በኢትዮጵያ ምርጫ

ሀገር ወዳድነት፣ የፖለቲካ ተቃውሞና የፓርቲ አንድነት በኢትዮጵያ የምርጫ ታሪክ ውስጥ ተያይዘው የሚነሡ ጉዳዮች ናቸው። ገዥው ፓርቲ ተቃዋሚዎችን፣ ተቃዋሚዎችም ከመካከላቸው የተለየ ሐሳብ ያነሣን ሰው በ«ክህደት» የከሰሱበት ጊዜ አለ። ከዚህ በታች ከ1993 እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ የታዩ ዋና ዋና ክስተቶች ቀርበዋል።

የሕግ መሠረት

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ሐሳብን የመግለጽ መብትን በአንቀጽ 29፣ የመደራጀት መብትን ደግሞ በአንቀጽ 31 ይደነግጋል። በአንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ሲሆኑ፣ ተገዥነታቸው ለሦስት ነገሮች ነው፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው። ፓርቲ ከሦስቱ ውስጥ አልተጠቀሰም። እዚያው አንቀጽ ላይ፣ አንድ አባል የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት ከቦታው ሊነሣ እንደሚችል ተደንግጓል።

በሌላ በኩል አንቀጽ 56 መንግሥት የመመሥረት ሥልጣንን የሚሰጠው አብላጫ መቀመጫ ላገኘ ፓርቲ ወይም ለተጣመሩ ፓርቲዎች ነው። በየምርጫ ክልሉ የሚያሸንፈውም ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ነው። ለምሳሌ ከ100 መራጮች 40ው ለአንድ ዕጩ፣ 35ቱ ለሁለተኛው፣ 25ቱ ለሦስተኛው ድምፅ ቢሰጡ፣ 60 ሰዎች ያልመረጡት ዕጩ ያሸንፋል። ትንንሽ ፓርቲዎች ከምርጫ በፊት ለመጣመር የሚገደዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የ1993 የሕወሓት ክፍፍል

ኢሕአዴግ የሚመራበት አሠራር «ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» ይባል ነበር። በዚህ አሠራር አባላት ከውሳኔ በፊት ይከራከራሉ፤ ውሳኔ ከተላለፈ በኋላ ግን ሁሉም ተገዥ ይሆናል። የተለየ ሐሳብን ወደ አደባባይ ማውጣት እንደ ጥፋት ይቆጠራል።

ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተካሄደው ጦርነት ይህን አሠራር ፈተነው። ጦርነቱ ሲያበቃ አንድ የሕወሓት አመራር ቡድን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ለኤርትራ ለዘብተኛ ሆነዋል፣ የአገሪቱንም ጥቅም አላስከበሩም ሲል ወቀሰ። በ1993 ዓ.ም. አሥራ ሁለት የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ስብሰባ ረግጠው ወጡ፤ በኋላም ከድርጅቱ ተወገዱ። ከእነርሱ አንዱ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ታሰሩ።

የፌዴራል ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ አቶ ስዬ በዋስ እንዲለቀቁ ቢያዝዙም ተከሳሹ ወዲያው እንደገና ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተከሰሰን ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። ወይዘሪት ብርቱካን ከዚያ በኋላ ወደ ተቃዋሚው ጎራ ገቡ።

ቅንጅትና የ1997 ምርጫ

ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ የተመሠረተው በአራት ፓርቲዎች ነው። እነርሱም መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግና ቀስተ ደመና ናቸው። የምርጫ ምልክቱ ሁለት ጣት፣ የኢሕአዴግ ምልክት ደግሞ ንብ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት በመስቀል አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ የተገኘበት ሰልፍ አደረገ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ፣ በመጨረሻው ይፋዊ ውጤት መሠረት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት የተባለው ሌላው ጥምረት 52 መቀመጫ አገኙ። አዲስ አበባ ካሏት 23 መቀመጫዎች ሁሉንም የወሰደው ቅንጅት ነው። ተቃዋሚዎች ግን ድምፅ ተጭበርብሯል በማለት ውጤቱን ተከራከሩ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሡት ተቃውሞዎች 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን ገልጿል።

የቅንጅት መሪዎች ተይዘው ሕገ መንግሥቱን ለማፍረስ በመሞከር፣ በአገር ክህደትና በዘር ማጥፋት ሙከራ ተከሰሱ። የዘር ማጥፋት ሙከራው ክስ ኋላ ላይ ቀርቷል። አብዛኞቹ መሪዎች ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ።

«ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ»

ቅንጅትን ከውስጥ የከፈሉት ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። አንደኛው አራቱ ፓርቲዎች ሙሉ በሙሉ ይዋሃዱ ወይ የሚል፣ ሁለተኛው ደግሞ ያገኙትን መቀመጫ ይረከቡ ወይ የሚል ነው። አመራሩ ፓርላማ ላለመግባት ወሰነ። አንደኛው ወገን መግባት የተሰረቀን ድምፅ ማጽደቅ ነው ሲል፣ ሌላው አለመግባት የመረጠንን ሕዝብ ያለ ተወካይ ማስቀረት ነው ይል ነበር።

በልደቱ አያሌው ይመራ የነበረው ኢዴአፓ-መድኅን ውሕደቱን ሳያጠናቅቅ ቀረ፤ አቶ ልደቱም ፓርላማ ገቡ። በምርጫው ክርክር ወቅት እጅግ ተወዳጅ የነበሩት እኚህ ፖለቲከኛ በብዙ የቅንጅት ደጋፊዎች ዘንድ «ከሃዲ» ተባሉ። መንግሥት በእስረኞቹ ላይ ያቀረበው የክህደት ክስ በተቃዋሚው ጎራ ውስጥም በሌላ መልክ ታየ ማለት ነው። የተመረጡ ሌሎች በርካታ የቅንጅት አባላትም ፓርላማ ገብተዋል።

መሪዎቹ ከተፈቱ በኋላ ክፍፍሉ ሰፋ። በ2000 ዓ.ም. ወይዘሪት ብርቱካን አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን ሲመሠርቱ፣ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በውጭ አገር በምርጫው ቀን የተሰየመውን ግንቦት 7 የተባለ ንቅናቄ አቋቋሙ። በ2002 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ያዙ፤ በ2007 ደግሞ ሁሉንም።

ሰንደቅ ዓላማና የጎንደር አካባቢ

በፓርላማ ተቃዋሚ ባልነበረበት ጊዜ ተቃውሞው ወደ አደባባይ ወጣ። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ በወልቃይት ጥያቄ ምክንያት በተደረገው ሰልፍ ብዙዎች መሃሉ ላይ ዓርማ የሌለበትን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ወጡ። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ግን ሰንደቅ ዓላማውን ያለ ዓርማው መጠቀምን ይከለክላል። ስለዚህ ለሰልፈኞቹ የሀገር ፍቅር መግለጫ የሆነው ነገር በሕጉ ፊት ጥፋት ነበር። በነሐሴ ወር ተቃውሞው ወደ ባሕር ዳርና የደቡብ ጎንደር ዋና ከተማ ወደሆነችው ደብረ ታቦር ተዛመተ።

ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ ነበረች፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም የተሠራው በአቅራቢያዋ በምትገኘው ጋፋት ነው። ዛሬ የአንድነት ምልክት ተደርገው የሚታዩት ዐፄ ቴዎድሮስ በዘመናቸው በየአቅጣጫው ብዙ ዐመፀኞች ተነሥተውባቸዋል።

ከ2010 ወዲህ

በኢሕአዴግ ምክር ቤት አራቱ አባል ድርጅቶች እኩል 45 ድምፅ ነበራቸው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የሊቀ መንበር ምርጫ የብአዴኑ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከውድድሩ ሲያገልሉ፣ ዐቢይ አሕመድ በ108 ድምፅ ተመረጡ። በ2012 ዓ.ም. ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ተመሠረተ፤ ሕወሓት ግን ውሕደቱን አልተቀበለም።

ወይዘሪት ብርቱካን በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፤ የ2013 ምርጫንም መሩ። በትግራይ ድምፅ ባልተሰጠበት በዚህ ምርጫ ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ አገኙ።

ከአሜሪካ ጋር ሲነጻጸር

በአሜሪካ የፓርቲ ዕጩን የሚመርጡት በአብዛኛው መራጮች ራሳቸው በቅድመ ምርጫ ነው። የሪፐብሊካን ፓርቲዋ ሊዝ ቼኒ ዶናልድ ትራምፕን በመቃወማቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ከምክር ቤቱ የፓርቲ አመራርነት ተነሡ፤ የምክር ቤት መቀመጫቸው ግን አልተነካም። ከመቀመጫው የወጡት በቀጣዩ ዓመት የዋዮሚንግ መራጮች በቅድመ ምርጫ ሌላ ዕጩ ስለመረጡ ነው። በኢትዮጵያ ዕጩውን የሚያቀርበው ፓርቲው ስለሆነ፣ ከመስመር የወጣ አባል በሚቀጥለው ምርጫ በፓርቲው ስም ለመወዳደር ያለው ዕድል በአመራሩ እጅ ነው።