ዜሮ የሚቀድመው ቁጥር፦ ጅምር የክፍት ምንጭ ፓኬጆች በጋራ ማከማቻዎች

በዛሬው የሶፍትዌር ሥራ አንድ ፕሮግራም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ቡድን የሚጻፍበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍሉ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ማንም እንዲጠቀምባቸው ከለቀቋቸው ፓኬጆች፣ ማለትም ለአንድ ተግባር ተብለው ከተዘጋጁ የኮድ ጥቅሎች፣ ይገጣጠማል። ጥቅሎቹ የሚቀመጡበትና በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚወርዱበት የጋራ ማከማቻ ሪፖዚተሪ ይባላል፤ ለፐርል ቋንቋ በ1995 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሲፓን ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ በ2003 የፓይተኑ ፓይፒአይ፣ በ2010 የጃቫስክሪፕቱ ኤንፒኤም፣ በ2014 ደግሞ የረስቱ ክሬትስ ዶት አይኦ ተከትለውታል። አንድ ፕሮግራም ያለ አንድ ፓኬጅ የማይሠራ ከሆነ የዚያ ፓኬጅ ጥገኛ ነው፤ ፓኬጁም በበኩሉ የሌሎች ጥገኛ ስለሚሆን፣ አምስት ፓኬጅ የመረጠ ባለሙያ በመቶ የሚቆጠሩ የማያውቃቸውን አብሮ ሊያስገባ ይችላል። ከእነዚህ መካከል ጅምሮቹ ለብቻቸው መታየት የሚገባቸው፣ ነገ ምን ቅርጽ እንደሚይዙ ደራሲዎቻቸውም ገና ስላልወሰኑ ነው።

አንድ ፓኬጅ ጅምር መሆኑ በዋናነት የሚታወቀው ከስሪት ቁጥሩ፣ በተለምዶ ቨርዥን ከሚባለው፣ ነው። ሰፊ ተቀባይነት ባገኘው የሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ደንብ መሠረት ቁጥሩ በነጥብ የተለዩ ሦስት ክፍሎች ሲኖሩት፣ የመጀመሪያው ነባር ተጠቃሚዎችን የሚያውክ ለውጥ፣ ሁለተኛው አዲስ አገልግሎት፣ ሦስተኛው የስሕተት እርማት መኖሩን ያመለክታል፤ የመጀመሪያው ዜሮ ከሆነ ግን ማንኛውም ነገር በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ እንደሚችል ደንቡ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ኤንፒኤምና ካርጎ የተባለው የረስት መሣሪያ ማስጠንቀቂያውን ወደ ስሌት ለውጠውታል፦ 1.2.3ን ወይም ተስማሚውን የጠየቀ ሰው 1.9.0 ሊደርሰው ሲችል፣ 0.2.3ን የጠየቀ ከ0.3.0 በታች ባሉት ይወሰናል፣ 0.0.3ን የጠየቀ ደግሞ ከዚያው ከ0.0.3 በቀር ሌላ አያገኝም።

ቁጥርን እንዲህ አጥብቆ መያዝ ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ማርች 22 ቀን 2016 ታይቷል። የአንድን ጽሑፍ ግራ ጎን በባዶ ቦታ ከመሙላት ያለፈ ሥራ ያልነበረው ሌፍት ፓድ የተባለ የ11 መስመር ፓኬጅ በደራሲው ውሳኔ ከኤንፒኤም ሲነሣ፣ ቤብልን የመሰሉ ትልልቅ ፕሮጀክቶች መጫን አልቻሉም። ሌላ ሰው ወዲያው ተመሳሳይ ኮድ በ1.0.0 ቁጥር ቢያወጣም ችግሩ አልተፈታም፤ በሰንሰለቱ መካከል የነበረ አንድ ፓኬጅ የሚጠይቀው 0.0.3ን ብቻ ነበርና። ኤንፒኤም የተሰረዘውን ያንኑ ስሪት እስኪመልስ ድረስ መስተጓጎሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የቆየ ሲሆን፣ በኋላ ሌሎች የሚጠቀሙበትን ፓኬጅ መሰረዝን የሚገድብ ደንብ ወጥቷል። የክሬትስ ዶት አይኦ አሠራር በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ደራሲው የተበላሸ ስሪትን ለአዲስ ጠያቂ እንዳይሰጥ ማድረግ ይችላል፣ አስቀድመው በሎክ ፋይላቸው የመዘገቡት ግን ማውረዳቸውን ይቀጥላሉ።

ሎክ ፋይል የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ስሪትና፣ ብዙ ጊዜ፣ ሃሽ የሚባለውን የይዘት አሻራ መዝግቦ የሚይዝ ሰነድ ነው። ዛሬ የሠራው ነገም እንዲሠራ ያደርጋል፤ ሆኖም ጅምር ፓኬጅ ቅርጹን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀይር፣ ለሁለት ዓመት ተቆልፎ የቆየ ፕሮጀክት ሲከፈት የተጠራቀመው ሥራ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የጎ ቋንቋ ከ2018 ጀምሮ በሌላ መንገድ ሄዷል፦ መሣሪያው ሁሉንም ጠያቂዎች ከሚያስማሙት ስሪቶች ዝቅተኛውን ስለሚወስድ፣ ትናንት ማታ የወጣ ስሪት ማንም ሳይጠይቀው አይገባም። ኮዱን ሁሉ በአንድ ማከማቻ የሚይዙ ድርጅቶች ከዚህም ጠበቅ ይላሉ። በ2015 መጀመሪያ ሁለት ቢሊዮን ያህል መስመር በአንድ ማከማቻ የነበረው ጉግል ከውጭ የመጣን ኮድ ለብቻው በተለየ ማውጫ ያስቀምጣል፣ በመርሕ ደረጃም ከአንድ ፓኬጅ አንድ ስሪት ብቻ ይፈቅዳል፤ በመሆኑም ጅምር ፓኬጅን ማደስ የሚፈልግ ቡድን የሌሎቹን ተጠቃሚዎች ኮድ አብሮ ማስተካከል ይጠበቅበታል።

ይሁንና ቁጥር ብስለትን አይለካም። ሊብሲ የተባለው የረስት መሠረታዊ ፓኬጅ በ2015 ከ0.1 ወደ 0.2 ሲሻገር፣ የሁለቱ ስሪቶች አንዳንድ የመረጃ ዓይነቶች እንደ ባዕድ ስለሚተያዩ ጥገኞቹ ብዙ ተቸግረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፓኬጁ የረስት ዓለም ሁሉ እየተደገፈበት ለዓመታት በዚያው 0.2 ቆይቷል። በአንጻሩ ኤክስዜድ የተባለው የፋይል ማመቂያ 5.6 ላይ የደረሰ አንጋፋ ቢሆንም፣ የሚንከባከበው በዋናነት አንድ የደከመው ሰው ነበር፤ ለመርዳት የቀረበና በሂደት እምነት ያገኘ ተባባሪ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ውስጥ የተሰወረ መግቢያ አስቀመጠ። ነገሩ ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ የወጣው፣ አንድ መሐንዲስ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን በመፈለጉ ነው። አዲስ ፓኬጅን በየደረጃው በሚያቆየው ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ውስጥ የተበከሉት ስሪቶች እስከ መፈተኛው ክፍል ገብተው ነበር፤ ለሰፊው ተጠቃሚ ወደተለቀቀው ወደ ስቴብል ግን አልደረሱም።