አግዳሚው የጋራ፣ በሩ የየራስ

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ወልድያን አልፎ፣ ጎቢዬንና ሮቢትን ተከትሎ ቆቦ ይገባል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል። ሜዳው በአብዛኛው ማሽላ ነው፤ ገበሬው ደገሌት፣ ጅጉርቲ እያለ በየስሙ ይጠራዋል። የጉድጓድ ውሃ ያገኘው ማሳ ደግሞ ሽንኩርት ያበቅላል። እንዲህ ባለ ከተማ ሰው ከሰው አይሰወርም። ማን ከየትኛው በር እንደወጣ የከሰዓቱ ቡና ሳይፈላ ይወራል።

ስለዚህ «የአእምሮ ሕክምና» የሚል ታፔላ ብቻውን የተንጠለጠለበትን ደጅ በጠራራ ፀሐይ የሚረግጥ ሰው ብዙ አይደለም። የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፣ የሕፃናት ሐኪሙ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ላብራቶሪውና ሳይኮሎጂስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠሩበት የግል ክሊኒክ ግን ሌላ ነገር ነው። ካርድ የሚወጣው ከአንድ መስኮት ነው። ተራ የሚጠበቀው በአንድ አግዳሚ ላይ ነው። ማን ለጨጓራው፣ ማን ለጥርሱ፣ ማን እንቅልፍ አጥቶ እንደመጣ አጠገቡ የተቀመጠው አያውቅም። እንዲህ ያለ ክሊኒክ ሲወደስ ስለ ዘመናዊ ቅንጅት ብዙ ይባላል፤ ለትንሽ ከተማ ሰው ግን ትልቁ ስጦታው ይህ የጋራ አግዳሚ ይመስላል።

ሳይኮሎጂስት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሳይካትሪስት ሕክምና ተምሮ፣ ሐኪም ሆኖ፣ ከዚያ በአእምሮ ሕክምና የተካነ ባለሙያ ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት አያዝም። መሣሪያው ንግግር፣ መጠይቅ፣ ልምምድና ጊዜ ነው። የክሊኒክ ሳይኮሎጂስትነት ገና ሲወለድም ከእብደት ጋር ብዙ ጉዳይ አልነበረውም፤ ላይትነር ዊትመር እ.ኤ.አ. በ1896 በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ክሊኒክ ሲከፍት ቀድሞ የመጣለት ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ ያቃተው የ14 ዓመት ልጅ ነበር።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሲባል ለረጅም ዘመን አማኑኤል ማለት ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው፣ አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሳይካትሪስቶችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት 11 ብቻ ነበሩ። ሸክሙን ተሸክመው የቆዩት የሳይካትሪ ነርሶች ናቸው። ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ በሙያው ያስተምራል፤ በደሴ ሆስፒታልም አገልግሎቱ አለ። ያም ሆኖ ቆቦ ያለችበት የራያ ቆላ ሰው ሕመሙን ይዞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አእምሮ ሐኪም አይደለም። የሚሄደው ራሱን ስላመመው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ አንዱን ቀን ማየት ይሻላል። አንዲት የአምሳ ዓመት እናት መጡ እንበል። «ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ብለው የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ዘንድ ገቡ። ግፊታቸው ተለካ፤ የደም ማነስ፣ ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ታየ። ይህ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብን ያስመታል፣ ያከሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያስጨንቃል፤ አንገቱ ላይ ምንም እብጠት የማይታይበት ሰው በዚህ ተይዞ ዓመት ሙሉ «ሐሳብ ነው» ሊባል ይችላል። በተቃራኒው ዕጢው ሲደክም ሰውየው ይፈዛል፣ ይከብደዋል፣ ያዘነ ይመስላል። ብቻውን የሚሠራ ሳይኮሎጂስት ይህን የሚያይበት ዓይን የለውም። እዚህ ግን የላብራቶሪው ወረቀት ከካርዱ ጋር ተያይዞ ይደርሰዋል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ተራው የእሱ ሆነ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል። ሁለቱ ወንበሮች ፊት ለፊት አልተፋጠጡም፤ ጎን ለጎን ዘንበል ብለዋል፤ ማልቀስ የፈለገ ሰው ዓይን ለዓይን ሳይጋጭ እንዲያለቅስ። ሰዓቱ የተሰቀለው ከታካሚው ጀርባ ነው፤ ባለሙያው በየመሀሉ እጁን እያየ «ይሂዱልኝ» ያለ እንዳይመስል።

«እናቴ፣ ቡና ይጠጣሉ?»

«ምን ቡና አለ ልጄ! ድሮ ነው እንጂ።»

ጥያቄው የጨዋታ ማሟሻ ይመስላል፤ አይደለም። የወሎ ሴት ቡና መጠጣት ተወች ማለት ጎረቤት መጥራት ተወች፣ ጎረቤት ጠርቷት አልሄደችም ማለት ነው። ሰው ከሚወደው ነገር መራቁ ከድባቴ ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ጭራሽ ብቻዋን፣ ማታ ማታ ትጠጣለች ከተባለ ደግሞ ስለ እንቅልፏ የሚያስረዳው ሌላ ነው። ባለሙያው ሁለቱንም በአንድ ሲኒ ለካ።

ቀጥሎ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይመጣል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ይህ መጠይቅ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል። ችግሩ ቋንቋው ነው። «ድባቴ» የሚለው ቃል በራዲዮ ይሰማል እንጂ የቆቦ እናት «ድባቴ ያዘኝ» ብላ አትመጣም። «ከፍቶኛል»፣ «ሆድ ብሶኛል»፣ «ሐሳብ በዝቶብኛል» ነው የምትለው። በጣም የሚያስቸግረው ግን የመጨረሻው፣ ስለ ሞት የሚጠይቀው ነው። በአማርኛ «ምነው በሞትኩ» ማለት ወጥ ያረረባትም ትለዋለች። ባለሙያው ቃሉን ሰምቶ አይደነግጥም፣ አያልፈውምም፤ ቀስ ብሎ ይጠይቃል፦ ራስዎን ስለመጉዳት አስበው ያውቃሉ? በምን? መቼ? እንዲህ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ ይከታል የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ ብዙ ጊዜ ሸክም ያቀላል። አደጋ ካለ የዚያን ቀን ምስጢር መጠበቅ ይቀርና ሐኪሙም ቤተሰቡም ይጠራሉ። ይህንንም ገና ሲጀምሩ ነግሯቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ለተመልካች አሰልቺ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በችግር ለተጎዱ ማኅበረሰቦች ያዘጋጀው አንድ አጭር ዘዴ አምስት ሳምንታዊ ቀጠሮ አለው፦ ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ መፍትሔ ያለውን ችግር ከሌለው ለይቶ አንዱን መያዝ፣ የተተወ ሥራን በጥቂቱ መጀመር፣ የሚደግፍ ሰው መፈለግ። ለእኚህ እናት «በጥቂቱ መጀመር» ማለት ማክሰኞ ከሰዓት አንዲት ጎረቤት ብቻ ለቡና መጥራት ሊሆን ይችላል። ተአምር የለበትም። «ምክር ለምክርማ ሽማግሌስ አይመክርም ወይ?» የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። ልዩነቱ፣ ሳይኮሎጂስቱ ብዙም አይመክርም። ይጠይቃል፣ ይመዘግባል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ መጠይቅ መልሶ ያስሞላና ቁጥሩ መውረድ አለመውረዱን ያያል። ካልወረደ ካርዱ ተመልሶ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል።

የክሊኒኩ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በዚህ የካርድ ምልልስ ነው። የስኳር ሕመምተኛው ኢንሱሊኑን ስለምን ይዘላል? መርፌው አሞት ሳይሆን መኖር ሰልችቶት ሊሆን ይችላል። ሽንቱን መቆጣጠር ከቻለ ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅ እንደገና ምንጣፍ ማርጠብ ሲጀምር የሕፃናት ሐኪሙ መጀመሪያ ሽንቱን ያስመረምራል፤ ኢንፌክሽን ከሌለ «ማታ ማታ ምን ይሰማል?» የሚለውን የሚጠይቀው ሌላው ክፍል ነው። የሚጥል በሽታ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የመንፈስ ሥራ ነው ብሎ ያመጣዋል፣ ሳይኮሎጂስቱ ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪሙ መመለስ አለበት፤ መድኃኒት ይፈልጋልና።

ቆቦ ውስጥ ማታ ማታ የሚሰማው ነገር ቀላል አልነበረም። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በከተማዋ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ሪፖርቱ አስፍሯል፤ ድርጊቱን የፈጸሙት የትግራይ ኃይሎች እንደነበሩ ምስክሮች ነግረውታል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሲያገረሽ ተኩሱ የተሰማው እዚሁ አካባቢ ነበር። በላንሴት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት ግጭት ባለፈባቸው አገሮች ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ የአእምሮ ጤና እክል እንዳለበት ያሳያል፤ አብዛኛው ቀለል ያለው ዓይነት ነው። ለዚህ ሁሉ ሰው ሳይካትሪስት አይዳረስም፤ አያስፈልገውምም። ብዙውን ሰው የሚያነሳው ቅሬው (የወሎ ዕድር)፣ ለቅሶ ደራሹ፣ «አብሽር» የሚለው ጎረቤት ነው። ሳይኮሎጂስቱ የሚፈለገው አብሽር ተብሎ፣ ተብሎ ላልቀለለው ነው።

ጸበሉና ዱዓውስ? ሞኝ ሳይኮሎጂስት ይከራከራል፤ ብልሁ ቀጠሮውን ከጸበሉ ሰዓት ጋር ያስማማል። በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሳይካትሪ ባለሙያዎችና አጥማቂ ካህናት ተግባብተው ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም እንዲያገኙ የሠሩበት ልምድ በጥናት ተጽፏል። ወሎ ላይ ዋናው ነገር መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ፣ ሰውም በሰንሰለት እንዳይታሰር መግባባት ነው፤ ከካህኑም ከሼኹም ጋር።

የገንዘቡ ነገር ግን አይታለፍም። ሐኪሙ በአንድ ሰዓት ብዙ ሰው ያያል፣ ላብራቶሪ ያዛል፣ ክሊኒኩ ያተርፋል። ሳይኮሎጂስቱ በዚያው ሰዓት የሚያየው አንድ ሰው ነው፤ የሚያዘውም ምርመራ የለም። የማኅበረሰብ ጤና መድኑ በአብዛኛው ውሉ ከመንግሥት ተቋማት ጋር በመሆኑ ከፋዩ ታካሚው ራሱ ነው፤ የማሽላው ዋጋ በወደቀ ወር ሦስተኛው ቀጠሮ ባዶ ይቀራል። ሒሳቡን የሚመረምር የክሊኒክ ባለቤት ያን ክፍል ለአልትራሳውንድ ባደርገው ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

አምሳ ደቂቃው አለቀ። እናቲቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። አግዳሚው ላይ የሰፈራቸው ሰው ተቀምጣለች።

«ውይ! ምን ሆነው ነው እትዬ?»

«ራሴን ነው፤ እንዲያው ራሴን።»

«አብሽሩ» አለቻቸው። ለምን እንደመጣች እሷም አልተናገረች፤ እሳቸውም አልጠየቁ። ማክሰኞ ከሰዓት ቡና እንድትመጣ ነግረዋት ወጡ።