መካከለኛው አንጎል፣ ባቄላና የአጎቴ እጅ

ባለፈው ጥቅምት አጎቴን ለመጠየቅ ከወረታ ተነስቼ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ወጣሁ፡፡ ወሩ የእሸት ወር ነውና በጉና ተራራ ግርጌ የማየው ማሳ አብዛኛው ባቄላ ነበር፡፡ ቤት ስደርስ አንድ ሰፌድ ሙሉ እሸት መሀል ላይ ተቀምጦ ቤተሰቡ ከብቦ እየፈለፈለ ይበላል፡፡ አጎቴ አንዷን እሸት በግራ እጃቸው ይዘዋል፤ ግን አልከፈቷትም፡፡ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎ፣ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ያለማቋረጥ ይተሻሻሉ ነበር፡፡ መቁጠሪያ ግን አልያዙም፡፡

«እርጅና ነው» አለችኝ ልጃቸው፣ እያየሁ መሆኔን ስታውቅ፡፡ «የጉና ብርድም አለበት፡፡»

በሙያዬ ፋርማሲስት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ስሰጥ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፡፡ ይኸው ቤተሰብ ላለፉት ሁለት ዓመታት በስልክ «ጋሼ ቀርፈፍ ብለዋል» ሲለኝ «ዕድሜ ነው፣ አይዟችሁ» እያልኩ ቫይታሚን ስልክ ከርሜያለሁ፡፡ ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ከባለሙያ ትምህርት ይልቅ እንደ ዘገየ ሰው ኑዛዜ ብታነበው አልከፋም፡፡

ያን ዕለት ማታ ቀደም ብዬ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኩ፡፡ ቡና ሲቆላ ሽታው ይሸታቸዋል? ከሦስት ዓመት ወዲህ አይሸታቸውም፡፡ ሌሊት እንቅልፍ ላይ? ይጮኻሉ፣ ይራገጣሉ፤ ቤተሰቡ «ቅዠት» ብሎ ጠበል ወስዷቸዋል፡፡ ሆዳቸው? ይደርቃል፡፡ አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ፊደል ከኋላ ወንበር ይነበብ ነበር፡፡ ስማቸውን እንዲጽፉልኝ ወረቀት ሰጠኋቸው፡፡ የመጀመሪያው ፊደል ደህና ነው፤ እየቀጠሉ ሲሄዱ አነሰ፤ የመጨረሻው የጤፍ ቅንጣት አከለ፡፡ እኔም ሳቅኩላቸው፤ እሳቸው ግን ፊታቸው አልሳቀም፡፡ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፡፡ አልተቆጡም፤ የፊት ጡንቻቸው ነው የታሰረው፡፡

ይህ ሁሉ ጣጣ፣ ወይም ቢያንስ ዋናው፣ የሚመጣው ከአንዲት ትንሽ ቦታ ነው፡፡ አንጎል ከህብለ ሰረሰር ጋር የሚገናኝበት ግንድ አለው፤ የዚህ ግንድ የላይኛው ክፍል መካከለኛው አንጎል ይባላል፡፡ ቁመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከአውራ ጣት የመጀመሪያ አንጓ ያንሳል፡፡ አቀማመጡን ለማስረዳት ከዓለም በር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፡፡ ከወረታ ሜዳ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መኪና ሁሉ እዚያች ከተማ ሳያልፍ አይሄድም፡፡ ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚወርደው ትእዛዝም፣ ከእጅና እግር ወደ አንጎል የሚወጣው ስሜትም በዚህች ሁለት ሳንቲ ሜትር ያልፋል፡፡

ማለፊያ ብቻ ግን አይደለችም፡፡ ሐኪም ራሱን የሳተ ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ ባትሪ አብርቶ ዓይኑን የሚያየው ለምን ይመስልዎታል? ብርሃን ሲያርፍበት የዓይን ብሌን እንዲጠብ የሚያዘው መካከለኛው አንጎል ነው፡፡ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አንደኛው ብሌኑ ሰፍቶ ለብርሃን እምቢ ካለ፣ ያበጠው አንጎል መካከለኛውንና ከእሱ የሚወጣውን የዓይን ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው፡፡ ዓይን ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሰው በእሱ ትእዛዝ ነው፡፡ ነቅቶ መቆየትም የሱ ድርሻ አለበት፡፡ በመሀሉ ደግሞ የአንጎል ፈሳሽ የሚያልፍበት ጠባብ ቦይ አለ፤ ያ ቦይ በሕፃን ላይ ከጠበበ ውኃው ከላይ ይጠራቀምና የልጁ ጭንቅላት ያድጋል፣ ዓይኖቹም ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ፡፡ የሕፃናቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋልና እዚህ ላይ ልተወው፡፡

የአጎቴ ጉዳይ ያለው ከቦዩ ፊት ለፊት ነው፡፡ መካከለኛውን አንጎል አግድም የቆረጠ ሰው በግራና በቀኝ ሁለት ጥቁር መስመሮችን ያያል፡፡ የሕክምናው ዓለም በላቲን «ጥቁሩ ነገር» ብሎ ሰይሞታል፡፡ ጥቁረቱ ሕዋሳቱ ውስጥ ከተጠራቀመ ቀለም የመጣ ነው፡፡ በጠቅላላው አንጎል ከ80 ቢሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት ሲኖሩ፣ እዚህ ያሉት ጥቂት መቶ ሺህ ብቻ ናቸው፡፡ ሥራቸው ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ሠርተው ወደ ላይ፣ እንቅስቃሴን ወደሚመራው ክፍል መላክ ነው፡፡ ዶፓሚን ራሱ ጡንቻ አያንቀሳቅስም፤ «ይህን እንቅስቃሴ ልቀቅ፣ ያኛውን ያዝ» የሚል ፈቃድ ቢባል ይቀርባል፡፡ ፈቃዱ ሲቀንስ ሰውየው ሽባ አይሆንም፡፡ ጉልበቱ አለ፣ አሳቡም አለ፤ መጀመር ግን ያቅተዋል፡፡ ቁልፍ መቆለፍ፣ አልጋ ላይ መገልበጥ፣ ከወንበር መነሳት፣ በር ላይ ሲደርሱ እግርን ማንሳት ዳገት ይሆናል፡፡

የእንግሊዙ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ይህን በሽታ በስድስት ሰዎች ላይ ያየውን መሠረት አድርጎ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ካልጠቀስኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፡፡ ስፍራው መካከለኛው አንጎል ውስጥ ያለው ጥቁር መስመር መሆኑን ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ የተባለ ተመራማሪ በ1919 አሳየ፡፡ በሟቾቹ አንጎል ላይ መስመሩ ገርጥቶ ነበር፡፡ ክፋቱ፣ የመንቀጥቀጡ ምልክት ጎልቶ በሚታይበት ጊዜ ከእነዚያ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ያለቁ መሆናቸው ነው፡፡ የሽታ መጥፋቱና የእንቅልፍ ጩኸቱ ቀድመው የሚመጡት በሽታው ከመካከለኛው አንጎል ዝቅ ባለው ግንድና በማሽተቻው በኩል ዓመታት ቀድሞ ስለሚጀምር ነው፡፡ ለብዙዎቹ ሕሙማን ምክንያቱ በአንድ ነገር አይወሰንም፤ ዕድሜ፣ ዘርና አካባቢ ተደራርበው ይሠራሉ፡፡

እዚህ ላይ የደቡብ ጎንደር ሰው «ጓያ በልቶ ይሆን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እኔንም አንድ ጎረቤት ጠይቆኛል፡፡ ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ፎገራና ደምቢያ ላይ ጓያ ያመጣውን የእግር ሽባነት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት አጥንተው በ1990 አሳትመዋል፡፡ ይሁንና የጓያ መርዝ የሚጎዳው ከአንጎል ወደ እግር የሚወርደውን ረጅም መስመር ነው፤ ሰውየው ጉልበቱ እየተገጣጠመ በጣቱ ይራመዳል፣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ፊቱም ይስቃል፡፡ በወጣትነትም ይመጣል፡፡ የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ሳያወናጭፍ፣ እግሩን እየጎተተ በአጭር በአጭሩ ይራመዳል፡፡ ሁለቱን ለመለየት ማሽን አያስፈልግም፤ በረንዳ ላይ አስር እርምጃ ማስኬድ ይበቃል፡፡

የሚገርመው ግን ሌላው ጥራጥሬ ነው፡፡ በ1913 ባዝል ውስጥ ለሮሽ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ማርከስ ጉገንሃይም ከባቄላ ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር ለየ፤ ሌቮዶፓ ነው፡፡ ጉገንሃይም 2.5 ግራም ያህሉን ራሱ ዋጠው፤ ወዲያው አቅለሸለሸው፣ አስመለሰው፡፡ ጥቅሙም ሳይታወቅ ቀረ፡፡ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1957፣ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በመድኃኒት የደነዘዙ ጥንቸሎች ሌቮዶፓ ሲወጉ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው እንደሚነሱ አሳየ፤ በ2000 ኖቤል ያስገኘለት ሥራ ይህ ነው፡፡ ከዚያ ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን ሟቾች አንጎል ዶፓሚን እንደጎደለ በ1960 አረጋገጠ፡፡ ጆርጅ ኮትዚያስ ደግሞ በ1967 በአፍ የሚወሰደውን መጠን ቀስ በቀስ ጨምሮ ታስረው የቆዩ ሕሙማንን አስኬደ፡፡ ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል አይገባም፤ ሌቮዶፓ ግን ይገባና እዚያው ዶፓሚን ይሆናል፡፡ ጉገንሃይምን ያስመለሰው አንጎል ሳይደርስ ደም ውስጥ የተለወጠው ነው፡፡ ለዚህ ነው ዛሬ ክኒኑ ካርቢዶፓ ከሚባል አጋር ጋር የሚዘጋጀው፤ አጋሩ በመንገድ ላይ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል፡፡

ኢትዮጵያ ከዓለም ዋነኛ የባቄላ አምራቾች አንዷ ናት፤ የፋርጣና የጋይንት ደጋም ባቄላ ያውቃል፡፡ እንግዲያው አጎቴ እሸት ይብሉና ይዳኑ? ይህን ያሰበ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም፤ እሸት ባቄላ በልተው እንቅስቃሴያቸው ለጊዜው የተሻለ ሕሙማን በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል፡፡ ነገር ግን ሌቮዶፓው የሚበዛው በአበባው፣ በቡቃያውና በለጋው እሸት ቅርፊት ነው፡፡ ፍሬው ሲደርቅ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከሽሮና ከቆሎ ብዙ የሚጠበቅ የለም፡፡ መጠኑም ከማሳ ማሳ፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ አጋሩ ካርቢዶፓም የለውም፡፡ ከክኒኑ ጋር ሲደረብ መጠኑን ያዛባል፤ በዘር የሚወረስ የደም ችግር ያለባቸው ጥቂት ሰዎችን ደግሞ ባቄላ ደማቸውን ያፈርስባቸዋል፡፡ ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ሲገባ ከፕሮቲን ጋር በር ላይ ይጋፋል፡፡ ክኒኑን ከወፍራም የባቄላ ሽሮ ጋር የዋጠ ሰው «አልሠራልኝም» ቢል አይፈረድበትም፡፡ ከምግብ ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቅደም አለበት፡፡ ይህን ደንበኞቼ ሁሉ በትክክል ነግሬያቸዋለሁ ብዬ አልምልም፡፡

አጎቴን ባሕር ዳር ወስጄ የነርቭ ሐኪም አየቻቸው፡፡ የደም ምርመራ አላዘዘችም፤ ለዚህ በሽታ በተለመደው ሥራ የሚታዘዝ የደም ምርመራ የለም፡፡ ጣታቸውን አስመታቻቸው፣ ክንዳቸውን አጠፈች፣ አስኬደቻቸው፣ ደረጃ ሲወርዱ እግራቸውን ቁልቁል ማየት ይችሉ እንደሆነ ጠየቀች፡፡ ይህን የጠየቀችው መካከለኛው አንጎል ራሱ የሚሟሽሽበት፣ ዓይን ወደ ታች አልወርድ የሚልበትና ገና ከጅምሩ የሚጥል ሌላ በሽታ ስላለ ነው፤ እሱ ለሌቮዶፓ እምብዛም አይመለስም፡፡ ቀጥላ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለች፡፡ ለማቅለሽለሽ በየሱቁ የሚገዛው ፕላሲልም ሆነ ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘው ሃሎፔሪዶል ዶፓሚንን እየዘጋ ፓርኪንሰን የሚመስል ነገር ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲቆም ይለቃል፡፡ ከሰል አቀጣጥለው በዝግ ቤት ይተኙ እንደሆነም ጠየቀች፡፡ የከሰሉ ጋዝ ከገደለው የተረፈውን ሰው፣ ከመካከለኛው አንጎል ዶፓሚን ከሚደርሰው ክፍል ጋር የተሳሰረውን የአንጎል ሥፍራ አበላሽቶ እንዲህ ሊያዘገየው ይችላል፡፡ ለደብረ ታቦር ብርድ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም፡፡

ቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ1990 የታተመው ጥናት ከ100,000 ሰው 7 የፓርኪንሰን ሕሙማን አግኝቷል፡፡ ቁጥሩ ትንሽ የሆነው ሕዝቡ ወጣት ስለነበረ ይመስለኛል፤ አሁን የምንኖርበት ዕድሜ እየረዘመ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንደነበሩ ገምቷል፡፡ የነርቭ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬም አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፡፡ ወ/ሮ ክብራ ከበደ ራሳቸው ሕመምተኛ ሆነው ሳለ ሕሙማንን የሚደግፍ ድርጅት አቋቁመው ስለ በሽታውና ስለ መድኃኒቱ በየመድረኩ ሲናገሩ ቆይተዋል፡፡

ነገሩ የሚጠናው መድኃኒቱ ላይ ነው፡፡ ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ ብሎ ከመዘገባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ አዲስ ግኝትም አይደለም፡፡ ሆኖም መደርደሪያዬ ላይ ለሳምንታት የሚጠፋበት ጊዜ አለ፡፡ ሲጠፋ በምትኩ ትራይሄክሲፌኒዲል ይሰጣል፤ መንቀጥቀጡን ሊቀንስ ይችላል፣ ሽማግሌውን ግን ያደናግረዋል፡፡ ሌቮዶፓን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ እንደ ሌላው መድኃኒት አይደለም፤ ሰውነት ይገተራል፣ ትኩሳት ይነሳል፣ ሰው ይሞታል፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት የእኔ ዓይነት ሰው የሚያስበው ይህንን ነው፡፡

አጎቴ አሁን በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ፡፡ የጠዋቱን ከ1 ሰዓት አያሳልፉትም፣ ቁርሱ እስከ 2 ሰዓት ይጠብቃል፡፡ በሦስተኛው ሳምንት ሸሚዛቸውን ራሳቸው ቆልፈው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፡፡ የሞቱት ሕዋሳት አይመለሱም፤ ክኒኑ የሚተካው የጎደለውን ዶፓሚን እንጂ ሕዋሱን አይደለም፣ በዓመታት ውስጥም መጠኑ መስተካከል ይኖርበታል፡፡ ይህን ነግሬያቸዋለሁ፡፡ እሳቸው የጠየቁኝ ግን ስንት ክኒን እንደቀራቸው ነበር፡፡ ቆጠርን፤ አርባ ሁለት ነው፣ የአሥራ አራት ቀን፡፡ በማግስቱ አዲስ አበባ ስመለስ ሁለት ፓኮ ገዝቼ ለባሕር ዳር አውቶቡስ ሾፌር ሰጠሁ፤ የደረሰው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው፡፡