አሮጌ ትንሽ ትራክተር ስለ መግዛትና ስለ ማደስ

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው አገር ጤፍና ስንዴ የሚያመርተው ገበሬ አብዛኛውን መሬት ዛሬም በበሬ ያርሳል። በሞተር ለማረስ የሚሻና አዲስ ትራክተር ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ግን ዓይኑን ወደ አሮጌው ማዞሩ አይቀርም። የአሮጌው እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው በሰኔ ወር ነው፤ አንድ ጓርኒሲዮን ጠፍቶ ትራክተሩ ቢቆም የዘር ጊዜው አይጠብቅም። ስለዚህ ነገሩ ገበሬውን ብቻ ሳይሆን ዕቃ አስመጪውንና ባለ ሱቁንም ይመለከታል።

የመጀመሪያው ሥራ የትራክተሩን ማንነት ማወቅ ነው። ለምሳሌ ማሴ ፈርጉሰን 35 የተባለው ትንሽ ትራክተር በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ1956 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። መጀመሪያ የተገጠመለት የናፍጣ ሞተር ባለ 4 ሲሊንደር ስታንዳርድ ነበር፤ በብርድ ጊዜ አልነሣ በማለት ይታወቅ ነበር። ከ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ባለ 3 ሲሊንደሩ ፐርኪንስ ተተካ። የአንዱ ፒስተን፣ ፋሻና ቴስታታ ለሌላው አይሆንም። «ለ35 የሚሆን» ብቻ ብሎ የሚያዝ ነጋዴ ገንዘቡን በመጋዘን ሊቀብር ይችላል። ስለሆነም የትራክተሩንና የሞተሩን ቁጥር ከራሱ ከብረቱ ላይ መገልበጥ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ የሞተሩ ምርመራ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ሰማያዊ ጢስ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ማለቁን ያመለክታል። ጥቁር ጢስ ሲታይ ግን መካኒኩ አይቸኩል። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኙ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ናፍጣውን ቢጨምሩበት ጢሱ ይብሳል እንጂ ጉልበቱ አይመለስም። መድኃኒቱ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳትና ማረሻውን ለሞተሩ ዐቅም መመጠን ነው።

በብቸና ዙሪያ ያለው ዋልካ መሬት ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ሲርስ ከጎማ ጋር ይጣበቃል። ገዥው ስለዚህ የፍሪሲዮኑንና የጎማውን ሁኔታ አጥብቆ ይመርምር። ማረሻውን የሚያነሣው የዘይት ፖምፓም በ35ቱ ላይ ከካምቢዮው ጋር በአንድ ዘይት ስለሚሠራ፣ የቆሸሸ ዘይት ሁለቱን በአንድነት ይጎዳል። እድሳት ከቀለም ሳይሆን ከዘይትና ከፊልትሮ ይጀምራል።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ ይታወሳል። አስመጪው አሮጌ ማሽንና መለዋወጫ በዚህ ውስጥ መጠቃለላቸውን ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ከጉምሩክ ይረዳ። የሞጣና የብቸና ባለ ሱቆችም በየአካባቢያቸው ያሉትን ትራክተሮች ከነሞተር ቁጥራቸው በመዝገብ ቢይዙ፣ ፊልትሮ፣ ፓራኦሊዮ፣ ኩሽኔታና ጓርኒሲዮን ከክረምት በፊት በልክ ሊያቀርቡ ይችላሉ። እንዲህ ያለው መዝገብ ወጪው አንድ ደብተር ሲሆን፣ ጥቅሙ ለነጋዴው የተረጋገጠ ገበያ፣ ለገበሬው ደግሞ ያልባከነ የዘር ወቅት ነው።