የሚረጋው ዘይትና የደም ሥራችን

በሐምሌ ብርድ ማለዳ በብዙ የአዲስ አበባ ጓዳ የሚታይ ነገር አለ። ቢጫው ጀሪካን ድስቱ ላይ ይዘቀዘቃል፤ ዘይቱ ግን አልወርድ ይላል። ምድጃው አጠገብ ይቀመጥና ዳር ዳሩ ሲቀልጥ መሐሉ ገና እንደ ቅቤ ጠጥሮ ይታያል። ሰው «የሚረጋ ዘይት» ብሎ የሚጠራው ይህ የፓልም ዘይት ነው።

ብዙዎች ታዲያ «ጀሪካን ውስጥ እንደረጋ ደም ሥሬም ውስጥ ይረጋል» ብለው ይሰጋሉ። እንደዚያ አይደለም። የምንበላው ዘይት በአንጀት ተፈጭቶ ነው ወደ ደም የሚገባው፤ ሰውነታችንም 37 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ጉዳቱ የሚመጣው በጉበት በኩል ነው። የሚረጋ ቅባት፣ ቅቤም ሆነ ጮማ ወይም የፓልም ዘይት፣ ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤል የሚባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከደም እየለቀመ የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። ያልተለቀመው ኤልዲኤል ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ይከማቻል፤ ቦታው ይቆጣል፣ በዓመታት ውስጥም ያብጣል። እብጠቱ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም ይረጋበታል። ያኔ ነው ልብ ወይም አንጎል ደም የሚያጣው።

ጀሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» የሚል ጽሑፍ አይተው ልባቸው የሚያርፍ አሉ። ጽሑፉ እውነት ነው፤ ግን ኮሌስትሮል ያለበት የአትክልት ዘይት ከቶውንም የለም ማለት ይቻላል። መጠየቅ ያለበት የሚረጋው ቅባት ምን ያህል እንደሆነ ነው። በፓልም ዘይት ውስጥ ግማሽ ያህል ነው፤ በኑግና በሱፍ ዘይት ውስጥ በጣም ያነሰ። የጾም ምግብ ሁሉ ለልብ ቀላል ነው የሚባለውም ለዚህ ነው የማያስኬደው፤ በሚረጋ ዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳም ጾም ነው። የዋጋውን ነገር አላጣሁትም። የኑግ ዘይት መግዛት ያቃተው ቤት ጥብሱን ወደ ቅቅል ቢያዞር፣ ለሽሮው የሚጨምረውን ዘይት በማንኪያ ቢለካ ትልቅ ነገር ነው።

ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የማይጠፋው ኦሜጋ 3 እና ቫይታሚንስ? እዚያው አሜሪካ 25,871 ሰዎች፣ ወንዶቹ ከ50 ሴቶቹ ከ55 ዓመት ጀምሮ፣ በቀን 1 ግራም ኦሜጋ 3 ወይም ቫይታሚን ዲ ወይም ምንም የሌለበት እንክብል እየወሰዱ አምስት ዓመት ገደማ ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና በእነሱ የሚመጣ ሞት አንድ ላይ ሲቆጠር፣ ሁለቱም እንክብሎች ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አላመጡም። ቫይታሚን ኢም ቀደም ሲል ወደ 40,000 በሚጠጉ ሴቶች፣ በኋላም በ14,641 ወንድ ሐኪሞች ላይ ተሞክሮ ያው ሆነ። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ትቶ ወደ እንክብል መሄድ አደገኛ ነው።

ሴቶችን በሚመለከት አንድ ልዩነት አለ። የወር አበባ እስኪቋረጥ ድረስ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ለደም ሥር የተወሰነ ከለላ ይሰጣል፤ በዚህም የልብ ሕመም ሴቶችን የሚይዘው ከወንዶች አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ሲያርጡ ግን ኤልዲኤል ይጨምራል፤ አመጋገቧን ምንም ያልቀየረች ሴት ውጤቷ ከፍ ብሎ ልታገኘው ትችላለች። በእርግዝናዋ ደም ግፊት የነበረባት ደግሞ ልጁ ቢያድግም ይህን ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ የኋላ ኋላ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድሏ ከፍ ያለ ነውና።

ሕመሙ ሲመጣም በሴቶች ላይ ሊያታልል ይችላል። ደረት መጨነቁ እንዳለ ሆኖ ማቅለሽለሽ፣ የመንጋጋና የጀርባ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ሊጎላ ይችላል። እናቶቻችን «ጨጓራዬ ነው» ብለው ተልባ ይበጠብጣሉ። ተልባ መልካም ምግብ ነው፤ የአትክልት ኦሜጋ 3 ሞልቶበታል። ነገር ግን እናትን ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃት፣ የደረቷም ጭንቀት ደቂቃዎች አልፈው ካልተላቀቃት፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ መኪና መጥራት ነው።