የጫሞ ነጭ ዓሣ
አዲስ አበባ፣ ቦሌ አራብሳ ዓሣ ቤት ገብቶ ጉላሽ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት ተከትፎ የበሰለ ሥጋ ነው። ሥጋው የነጭ ዓሣ ከሆነ ግን ባለቤቱ ከሰው ቁመት ሊበልጥ የሚችል አዳኝ ነበር። የአርባ ምንጭ ሰዎች ነጭ ዓሣ የሚሉት፣ በሳይንስ ስሙ ላተስ ኒሎቲከስ የሚባለው ይህ ዓሣ እስከ 2 ሜትር ሊረዝም፣ እስከ 200 ኪሎ ሊመዝን ይችላል።

በአገራችን በጫሞና በአባያ ሐይቆች፣ በኦሞና በባሮ ወንዞች ይኖራል። ጫሞ ዛሬ ከዓባይ ጋር አይገናኝም። ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ ዝናብ በበዛበት ዘመን ግን ሐይቁ ሞልቶ በሰገን በኩል ወደ ጨው ባሕር፣ ከዚያም ወደ ቱርካና ይፈስ ነበር፤ ቱርካናም ሲሞላ ወደ ነጭ ዓባይ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ነጭ ዓሣ በውኃው መንገድ የገባ የጫሞ ነባር ነዋሪ ነው። ይህን አበክሬ የምናገረው በቪክቶሪያ ሐይቅ ስሙ ስለከፋ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰው አምጥቶ ጨመረው፤ ሌላ ቦታ የማይገኙ በመቶ የሚቆጠሩ የዓሣ ዝርያዎች ሲጠፉም ትልቅ ድርሻ ነበረው። በጫሞ ግን ከሚያድናቸው ዓሦች ጋር አብሮ የኖረ ነው።

ጫጩት ሳለ ደቃቅ የውኃ እንስሳትንና ነፍሳትን ይመገባል፤ ሲያድግ ዋና ምግቡ ዓሣ ይሆናል። ዓይኑ ውስጥ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው በድፍርስ ውኃና በምሽት ያድናል። አምባዛ ኦክስጅን ሲያጥረው ብቅ ብሎ አየር ይስባል፤ ነጭ ዓሣ ይህን አይችልም፤ ውኃው ሲበላሽ ቀድሞ ይጎዳል።

ዋናው ችግር ያለው ግን እናቲቱ ላይ ነው። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ ለመራባት የምትደርሰውም ዘግይታ፣ ዓመታት ቆይታ ነው። ከደረሰች በኋላ እንቁላሏ በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ሰውነቷ በገዘፈ መጠንም ይበዛል። ቀዳዳው የጠበበ መረብ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትራባ ይይዛታል። የጫሞ ነጭ ዓሣ በዚህ ዓይነቱ ማስገር ክፉኛ ተመናምኗል።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የማስገር ቁጥጥሩን ግን ለሐይቁ ዳር ብቻ መተው አይበቃም። አስጋሪው የሚያወጣው ገዢ ያለውን ነው፤ ከገዢዎቹም አንዷ አዲስ አበባ ናት። ዓሣ ከመኪና በሚራገፍበት ቦታ ሁሉ ለጋ ነጭ ዓሣ የማይረከብ ነጋዴና የሚያጣራ ተቆጣጣሪ ሊኖር ይገባል።